ምክሩ ለእነሱ፣ ቤቱ ለእኛ

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር በነፃ ነው ያገኘሁት። እስክርቢቶውንም። አንድ ጠርሙስ ውኃም ጨምረውልኝ ነበር፤ እሱን ለየኔታ ሰጠኋቸው። ቀመሱና «ጣዕም የለውም፤ የመንግሥት ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ሰውዬ ከእህል መጋዘኑ በረንዳ ፊት ቆሞ «ከእናንተ መሀል ማንበብና መጻፍ የሚችል አለ?» አለ። በረንዳው ላይ የምንተኛ ዘጠኝ ነን። የኔታ ገብረሰንበት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን ዓይናቸው ደክሟል። ደግሞም «ምን ይነበብልህ? ፊትህ ነው ወረቀትህ?» ብለው ሰውየውን አስደነገጡት።

እኔ አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ አልኩ። ስሜን ጠየቀኝ። «ሀብትነሽ» ስለው ቀና ብሎ የምተኛበትን ላስቲክ አየ። በስሜ መሳቅ ያማረው ሁሉ ይሳቅ፤ ለምጄዋለሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ጻፈው።

ለካ የክልሉ መንግሥት የመጠለያ አልባ ወገኖች ምክር ቤት የሚባል ነገር አቋቁሟል። በየዞኑ አንድ ጉባኤ አለው፤ በየጉባኤው ደግሞ ራሱ መጠለያ የሌለው አንድ ሰው እንዲቀመጥ ደንቡ ያዛል። ለምዕራብ ጎጃም እኔ ሆኛለሁ። ሰው በማጣቱ ሲሾም ይኸው በዓይኔ አየሁ።

ለየኔታ «የምክር ቤት አባል ሆንኩ» ብዬ ነገርኳቸው። «ምክሩ ለእነሱ ይሁን፤ አንቺ ቤቱን ለእኛ ጠይቂልን» አሉኝ።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ስብሰባ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እትዬ ፋናዬ የሚባሉ ሴት ሆቴል አላቸው፤ አዳራሹ የእሳቸው ነው። ደህናውን ጫማዬን በፌስታል ይዤ ሄጄ በር ላይ ቀየርኩ። ጭቃ ይዞ መግባት ለተወካይ አይሆንም።

የመገኘት መፈረሚያው ላይ «የመጡበት መሥሪያ ቤት» የሚል ቦታ ነበር። «የእህል መጋዘን በረንዳ» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኔ የተቀመጠው የመንገድ ሥራ ሰውዬ አየና «ከእህል ንግድ ነዎት?» አለኝ። «አዎ፤ ከውጭ በኩል» አልኩት።

ሰብሳቢያችን አቶ ትዕዛዙ ይባላሉ። እናታቸው ስም ስታወጣ አልተሳሳተችም። «የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት» ሲሉ ማንን ነው ብዬ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ነበር።

ግማሹ ቀን ለእኛ ስም በማውጣት አለቀ። አንዱ «ጎዳና ተዳዳሪ» እንበላቸው አለ። ሌላው ክብር ይነካል አለ። ሦስተኛው «መኖሪያቸው ያልተረጋጋ ወገኖች» የሚል አመጣ፤ አጨበጨቡለት። በመጨረሻ አቶ ትዕዛዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ እናንተ ራሳችሁን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?»

«በየስማችን» አልኩ።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሌኒ የምትባል የደሴ ልጅ ብቻ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ወደ ሳል ቀየረችው።

ምሳ ሽሮ ነበር። ስለ ሽሮው ዛሬ አልጽፍም፤ ተናድጃለሁ። ቡሬ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የሆቴል ወጥ ሠርቻለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የጭነት መኪናው ቀረ፤ ሆቴሉም ተዘጋ። የምተኛበት ክፍል የሆቴሉ ስለነበር አብሮ ተዘጋ። ወደዚህ የመጣሁት ሥራ ፍለጋ ነው። ፍለጋው እንደቀጠለ ነው።

ሰኔ 18

ልጄ አምለሰት ሚኒስትሪዋን ጨረሰች። ከጎኔ ከምትተኛው ከእህተ ማርያም ስልክ ተውሼ ቡሬ አክስቷ ቤት ደወልኩላት። የእህተ ማርያም ሕፃን መሀል ላይ ልቅሶውን ለቀቀው።

«እማ፣ የሚያለቅሰው የማን ልጅ ነው?»

«የአከራዬ።»

«የሚያስለውስ?»

«የአከራዬ አባት ናቸው።»

የኔታ ሰምተው «ቤት ሳልሠራ የአከራይ አባት ሆንኩ» አሉ። ስልኩን በእጄ ሸፈንኩት።

ሥራ ይዣለሁ፣ ክፍልም አለኝ ካልኳት ስምንት ወር ሆነ። ፈተና ላይ ያለ ልጅ አይረበሽም ብዬ ነው። አሁን ፈተናው አልቋል። ግን ውጤት የሚጠብቅ ልጅም አይረበሽም።

ሐምሌ 2

ዝናብ። በረንዳው በምዕራብ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ዘጠኛችንም ወደ ምሥራቅ ተጠጋን። ማዳበሪያዬ ራሰ። ደብተሩ ደህና ነው፤ ሆዴ ሥር ነው የማስቀምጠው። የየኔታ ሳል ድምፁን ለወጠ። አልወደድኩትም።

ሐምሌ 9

ቡሬ ሄድን፤ ቆጠራ። ደረቱ ላይ «የጉባኤ አባል» የሚል ቢጫ ሰደርያ አለበሱኝ። በመኪናው ጋቢና ተቀመጥኩ። ማንኩሳን ስናልፍ አንድ ፖሊስ ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔም አልነፈግኩትም።

መነኸሪያው ግድግዳ ሥር አንድ ሽማግሌ «ስንት ናችሁ?» ብላቸው «ስንት ትፈልጋላችሁ?» አሉኝ። በረድፍ የተኙትን ቆጠርን፤ የተነሡትንም በካርቶናቸው ቆጠርን። አርባ ሦስት። ራሴን አላስገባሁም፤ እኔ የፍኖተ ሰላም ነኝ።

ከዚያ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ «እማ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አምለሰት ናት። ዱቄት ይዛ፣ ከጓደኛዋ ጋር። ቁመቷ ከእኔ በልጧል፤ ማንም አልነገረኝም። ሰደርያውን አነበበች፤ እንደገና አነበበች፤ ለጓደኛዋ «እናቴ ናት፤ የምክር ቤት አባል ናት» አለቻት። ጓደኛዋ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

«እማ፣ ዘጠነኛን አንቺ ጋ ሆኜ ነው የምማረው። አክስቴም ይሁን ብላለች።»

«መቼ?»

«ለአዲስ ዓመት።»

«እሰይ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ሐምሌ 10

እሰይ ብሎ ነገር።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ዛሬ ብዙ ነገር ሆኗል፤ በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አጀንዳው «የበረንዳና የአደባባይ ጽዳት» ይላል። መጥረጊያ ሊገዙ መስሎኝ ነበር። ለካ ቆሻሻዎቹ እኛው ነን። ለአዲስ ዓመት ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት ከላህ ወንዝ ወዲያ ወዳለ አዳራሽ እንወሰዳለን።

«አዳራሹ ጣራ አለው?» አልኩ።

«በሂደት ላይ ነው» አሉ አቶ ትዕዛዙ።

«ዝናቡም በሂደት ላይ ነው» አልኩ።

ድምፅ ሳይሰጥ ወደ ነሐሴ 5 ተላለፈ። ለእረፍት ስንወጣ እሌኒ ተከትላኝ መጣችና ደንቡን ገልጣ አንቀጽ 14ን በጥፍሯ አሳየችኝ። ሰውን ከተኛበት የሚያነሣ ውሳኔ ሁሉ የመጠለያ አልባው ተወካይ ካልተስማማበት አይጸናም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ይህን ማን ነው የጻፈው?» አልኳት። «ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ነው፤ ሰው ሁሉ ሳያነበው ነው የጸደቀው» አለችኝ።

ከዚያ ምሳ። ያው ሽሮ። አሁንስ አልቻልኩም፤ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ።

«ይህን ሽሮ ማን ነው የሠራው?»

እትዬ ፋናዬ ራሳቸው ማማሰያ እንደያዙ ዞሩ። «እኔ ነኝ። ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም እትዬ። ችግሩም እሱ ነው።»

ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። «እስቲ አንቺ ሥሪው» ብለው ማማሰያውን ሰጡኝ። ቁሌቱን ከአዲስ ጀመርኩ፤ የቡሬ በርበሬ አስመጣሁ፤ ሽሮውን ቀስ ብዬ በተንሁ። ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። ማንኪያውን ልሰው አስቀመጡና «ከነገ ጀምሮ ነይ። ከጓዳው ጀርባ የሠራተኛ ክፍል አለች፤ አልጋ አላት» አሉኝ።

አልጋ አላት። ወደ ስብሰባው ተመልሼ የተባለውን አንዱንም አልሰማሁም።

ሐምሌ 22

እሌኒን አማከርኳት። ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ማደር ከጀመርኩ መጠለያ አልባ አይደለሁም፤ ወንበሬን እለቃለሁ። ሌላ ተወካይ ከክልል በደብዳቤ እስኪጸድቅ ወራት ይፈጃል። በመሀል አንቀጽ 14 ባለቤት የለውም፤ ዘጠኛችንም ስምንት ሆነን፣ እነሱ ወደ ላህ፣ እኔ ወደ አልጋዬ።

እትዬ ፋናዬን «ሥራውን ልጀምር፤ ክፍሏ ግን ጥቂት ትቆየኝ» አልኳቸው።

«ክፍል ወጥ ነው እንዴ ከድኜ የማቆይልሽ? ሰው ካልገባባት ሽንኩርት አስገባባታለሁ።»

ከሽንኩርት ጋር መወዳደር ጀምሬያለሁ።

ነሐሴ 1

ጾም ገባ። ወጡ ሁሉ የኔ ሆነ፤ ሥራ በዛ። እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፣ ወደ በረንዳው ስመለስ የእህተ ማርያም ልጅ ጣቴን ይልሳል።

የኔታ ዛሬ ሲያስላቸው ከመሬት ተነሥተው መቀመጥ አቃታቸው። እትዬ ፋናዬን ለመንኳቸው፤ «ክፍሏን አባቴ ይደሩባት።» አባትሽ ናቸው ወይ ብለው አልጠየቁኝም። የኔታ ግን አሻፈረኝ አሉ።

«ያንቺን አልጋ ወስጄ ምን ልባል?»

«ጠባቂ ይባላሉ። ሽንኩርት እንዳይገባባት ይጠብቁልኝ።»

በባጃጅ ወሰድኳቸው። እውነቱን ለመናገር ለወንበሬ ብዬ ነው፤ ክፍሏ ባዶ እንዳትሆን፣ እኔም እንዳልገባባት። የሚመሰገን ነገር የለበትም።

ነሐሴ 5

ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። መንገድ ተዘግቶ ግማሹ ቀረ። ለነሐሴ 26 ተቀጠረ። አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዤ ወጣሁ።

ነሐሴ 9

አምለሰት ደወለች። «ክፍልሽ መስኮት አላት?» አለችኝ። «አላት» አልኩ። ይህኛው ውሸት አይደለም፤ አይቻታለሁ።

ነሐሴ 14

ወሬ ደረሳቸው። ከትናንት ወዲያ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ሁለት የጉባኤ አባላት ሲያወሩ ሰማሁ። «ቤት አላት እኮ፤ ለአበሉ ብላ ነው በረንዳ ላይ የምትተኛው።» ለአበሉ ብሎ ሐምሌን በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ካለ እኔም ልየው።

ትናንት አቶ ትዕዛዙ መጠለያ አልባ መሆኔን ከቀበሌ አጽፌ እንዳመጣ አዘዙኝ። ሄድኩ። የቀበሌው ጸሐፊ «የቤት ቁጥር?» አለኝ።

«ቤት ቢኖረኝ ደብዳቤውን ምን አደርገዋለሁ?»

«እሱ ገብቶኛል እህቴ። ግን የቤት ቁጥር ለሌለው ሰው ቤት የለውም ብለን መጻፍ አንችልም።»

እሱም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ደብዳቤው ግን አልተጻፈም።

ስለዚህ አጣሪ ተላከ፤ ያ የመንገድ ሥራ ሰውዬ። ሲመሽ ጃንጥላ ይዞ በረንዳው ፊት ቆመ። ላስቲኬን ዘረጋሁ፤ ተጋደምኩ። እሱ ቆሟል። ዝናቡ በረታ፤ ጃንጥላው ተገለበጠበት። እህተ ማርያም ከጎኗ ቦታ ለቃ «ና ግባ፤ ሰው ነህ» አለችው። ገባ፤ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ሄደ። ዛሬ ጠዋት እሌኒ ሪፖርቱን አሳየችኝ። «ተረጋግጧል» ይላል። ሌላ የጻፈው የለም።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ከስብሰባው በፊት አቶ ትዕዛዙ በኮሪደሩ ጠሩኝ። በትዕዛዝ ድምፃቸው አልነበረም።

«ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ ይረዱኝ። እንግዶቹ መጥተው በረንዳው ላይ ሰው ካዩ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እኔም የኪራይ ቤት ነው የምኖረው፤ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለቴ ዕቃዬን ጭኛለሁ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ደከም ብለው አየኋቸው፤ የሸሚዛቸው አንገት በእጅ ተሰፍቷል።

«ጣራውን ያልብሱት፤ እኔ ራሴ ሁሉንም አስከትዬ እሄዳለሁ» አልኳቸው።

«ከአዲስ ዓመት በፊት አይደርስም።»

«እንግዲያው እኛም አንደርስም።»

ገባን። ውሳኔው ተነበበ። «የምትደግፉ» አሉ። እጆች ወጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሁሉም። ያ የመንገድ ሥራ ሰውዬ እጁን እስከ ጆሮው አንሥቶ እዚያው ተወው፤ አወጣውም አላወጣውም ለማለት ይቸግራል። እኔ እጆቼን ጠረጴዛው ሥር ጉልበቴ ላይ አደረግኋቸው።

«የምትቃወሙ?»

አወጣሁ።

አንዱ አባል «በአንድ ሰው ምክንያት የክልሉ ሥራ ሊቆም ነው?» አለ። እሌኒ ከቃለ ጉባኤዋ ቀና ሳትል «በአንቀጽ 14 ምክንያት» አለች። ደንቡን ከእጅ ወደ እጅ አዞሩት። ሲነበብ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ከላህ ወዲያ ያለው አዳራሽ ጣራና በር እስኪኖረው ማንም እንዳይነሣ ተባለና ተጻፈ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ ጓዳዬ ሄጄ ወጣቸውን አወጣሁላቸው። አቶ ትዕዛዙ ሁለተኛ አስጨመሩ።

ነሐሴ 28

መጣች። ቀኗን ሳትጠብቅ፣ ሳትነግረኝ፣ ሻንጣዋን ይዛ።

ጓዳ ውስጥ ምስር እያማሰልኩ ነበር። ድምፅዋን በግቢው ሰማሁ። እትዬ ፋናዬ ክፍሏን አሳይተዋታል። በሩን ከፈተች፤ የኔታ አልጋው ላይ ናቸው።

«ማን ነው?» አሉ።

«አምለሰት ነኝ። የእናቴ ክፍል ነው ብለውኝ ነው።»

«ነው፤ የእናትሽ ነው። ግቢ ልጄ።»

«እሷስ የት ነው የምታድረው?»

ማማሰያውን ይዤ ቆምኩ። የኔታ ሰባ ዓመት ሙሉ ቃልን እያጣመሙ ሰምና ወርቅ ሲያደርጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከፈለጉ ጳጳስ የሚያምታታ መልስ ይሰጧት ነበር። ዛሬ ግን ቀጥ አድርገው «በረንዳ ላይ» አሏት።

ወጣሁ። አላለቀሰችም። ሻንጣዋን መሬት አላስቀመጠችም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቅምት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈተና ነበረብሽ።»

«ፈተናው ሰኔ ላይ አለቀ፣ እማ።»

ምስሩ አረረ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ አንድ ቀን አርሮብኝ አያውቅም።

ነሐሴ 30

እትዬ ፋናዬ ቤት ናት። አታናግረኝም። ጓዳ ትመጣለች፤ ሽንኩርት ትልጣለች፤ «ጨው የት ነው?» ትላለች፤ ሌላ የለም። ማለፏን ከእትዬ ፋናዬ ሰማሁ። ዘጠና ሦስተኛ ፐርሰንታይል ይሉታል። ምን ማለት እንደሆነ የምጠይቃት ሰው እሷው ናት።

ጳጉሜ 1

ደብዳቤዬን ለእሌኒ ሰጠኋት። «ከዛሬ ጀምሮ መጠለያ ስላለኝ» ብሎ ይጀምራል። አቶ ትዕዛዙ ሲያነቡት የተገላገሉም የከፋቸውም ይመስሉ ነበር። በምትኬ እህተ ማርያምን ጠቆምኩ።

«ማንበብ ትችላለች?» አሉ።

«ደንቡ አይጠይቅም» አለች እሌኒ።

«እምቢ ማለትስ?»

«የቀድሞ ባሏን ይጠይቁ» አልኩ።

ውሳኔው ተጽፏልና የሹመቷ ደብዳቤ ከክልል እስኪመጣ የሚያነሣቸው የለም።

ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል

ላስቲኬንና ማዳበሪያዬን ልወስድ ወደ በረንዳው ሄድኩ። አጎንብሼ ስጠቀልል ከኋላዬ ሰው ቆመ። አምለሰት ናት።

«የት ጋ ነው የምትተኚው?»

አሳየኋት። ካርቶኑ ላይ፣ በቀሚሷ፣ ተጋደመች። በጀርባዋ ሆና ወደ ላይ ማየት ጀመረች። እህተ ማርያም ልትናገር ስትል በዓይኔ ዝም በይ አልኳት። ብዙ ቆየች።

«እዚህ ጋ ያፈሳል» አለች በመጨረሻ።

«ያፈሳል።»

«ታዲያ ለምን ወደዚያ አትጠጊም?»

«እዚያ ሕፃኑ አለ።»

ተነሥታ ተቀመጠች። «ተናድጃለሁ» አለች፤ «ገና አልበረደልኝም።»

«እሺ።»

ያኔ ዝናቡ ጣለ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ ከተማው ሁሉ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ ከዝናብ ስንሸሽ የከረምን እኛም ወጣን። እህተ ማርያም ልጇን ወደ ላይ ይዛ። ደግሞ በመንገዱ ወዲያ የኔታን አየኋቸው፤ እትዬ ፋናዬ ክንዳቸውን ይዘው፣ በነጠላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው። «ይመለሱ፤ ሳልዎት» ብዬ ጠራሁ። «ሳሉንም ይጠመቅ» አሉኝ። አምለሰት ሳቀች። ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት፤ ቶሎ መለሰቻት።

አብረን ከጓዳው ጀርባ ወዳለችው ክፍል ሄድን። እትዬ ፋናዬ የሽንኩርቱን ጓዳ ለየኔታ አስጠርገውላቸዋል፤ ሽንኩርቱ ኮሪደር ላይ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያለቅሳል። ላስቲኬን ጥግ አስቀመጥኩ። አምለሰት ጫማዋን አውልቃ፣ ውኃው ከቀሚሷ እየተንጠባጠበ፣ ደረቁ አልጋ ላይ ሄዳ ቁጭ አለች። አንሶላው ራሰ፤ ፍራሹም ራሰ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።